ደሙ ቀረ፣ ጡቱ ግን ማመሙን አልተወም፦ ስለ ሆርሞን ሉፕ

«ሆርሞኑ እዚያው ማህፀን ውስጥ ነው የሚሠራው ተብዬ ነበር፤ ታዲያ ጡቴን ምን ያሳምመዋል?» ሆርሞን ያለው ሉፕ ያስገቡ ሴቶች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ ነው። የሚያገኙት መልስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «ይለመዳል» ወይም «ከሉፑ ጋር አይገናኝም» የሚል ነው። የመጀመሪያው ለብዙዎቹ ይሠራል። ሁለተኛው ግን እንዲሁ በደፈናው ሲባል ስህተት ነው። ይህ ጽሑፍ በዋናነት ስለ ጡት ህመሙ ነው፤ ሌሎቹን የጎንዮሽ ችግሮች እግረ መንገዴን እነካቸዋለሁ።

መጀመሪያ ዕቃውን እንየው። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የእርግዝና መከላከያ ነው፤ የ«ቲ» ፊደል ቅርጽ ያለው ትንሽ ፕላስቲክ። ግንዱ ላይ ሌቮኖርጀስትሬል የተባለውን ሆርሞን የያዘ ሽፋን እንደ እጅጌ ተጠልቆበታል፤ ከግርጌው ሁለት ቀጫጭን ክሮች ይወርዳሉ። ሚሬና የሚባለው 52 ሚሊግራም ሆርሞን ይይዛል፤ ቁመቱም ወርዱም 32 ሚሊሜትር ነው። ካይሊና 19.5 ሚሊግራም፣ ጄይዴስ (ስካይላም ይባላል) 13.5 ሚሊግራም ይይዛሉ፤ በመጠንም ያንሳሉ። ሚሬና እንደገባ በቀን 20 ማይክሮግራም ገደማ ይለቃል፤ አምስት ዓመት ሲሞላው ልቀቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል። ለማነጻጸር ያህል፣ ይኸው ሆርሞን ከኢስትሮጅን ጋር ያለበት የተለመደው የእርግዝና መከላከያ (ጥምር ኪኒን) በአንድ ፍሬ 100 ወይም 150 ማይክሮግራም አለው። ስለዚህ «ከማህፀን አይወጣም» ከማለት «ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው» ማለት ይሻላል። ያ ጥቂት መጠን ግን ለአንዳንዷ ሴት ጡት በቂ ነው፤ በተለይ ልቀቱ ከፍ በሚልባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት።

ይህ አንደኛው መንገድ ነው። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ሁለተኛው ነው፦ ሉፑ ኦቫሪን (እንቁላል የሚያመርተውን አካል) አያስተኛም። በ52 ሚሊግራሙ ሉፕ፣ በመጀመሪያው ዓመት ግማሽ በሚጠጉት ወርሃዊ ዑደቶች ላይ እንቁላል ይለቀቃል፤ ከአራት ዓመት በኋላ ወደ ሦስት አራተኛው ይደርሳል። ወር አበባዋ የቀረባት ሴት ደሙ የቀረው የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ስለሳሳ ነው፤ የሚፈርስ ነገር የለም። ኦቫሪው ግን ሥራው ላይ ነው። ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት ሆርሞኖቹ በየወሩ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ ጡትም እንደ ድሮው ምላሽ ይሰጣል። ወር አበባዋ ሊመጣ ሲል ጡቷ ይወጠርባት የነበረች ሴት አሁንም ይወጠርባታል፤ የጎደለው «ለካ ለዚህ ነው» የሚያሰኛት ደም ብቻ ነው። ደሙ ሳይኖር ሲመጣ ታዲያ አዲስ በሽታ ይመስላል።

ከኪኒን ወደ ሉፕ የተሻገሩ ሴቶች ላይ ነገሩ ይበልጥ ያደናግራል። ጥምር ኪኒን እንቁላል እንዳይለቀቅ ያግዳል፤ ለዓመታት የራሷን ዑደት ሳታይ ትኖራለች። ኪኒኑን ትታ ሉፕ ስታስገባ የራሷ ዑደት ይመለሳል፤ የጡቱ መወጠርም አብሮት ይመጣል። ቀኑ ከሉፑ ጋር ስለሚገጥም ጥፋቱ ሁሉ ለሉፑ ይሰጣል። ጡት ማጥባት ባቆመችበት ሰሞን ያስገባችም እንደዚሁ።

ሦስተኛም አለ። በየወሩ እንቁላሏን ይዞ የሚያድገው ትንሽ ከረጢት አንዳንዴ ሳይፈነዳ ይቀርና ውሃ ቋጥሮ ያብጣል፤ ሳይስት የሚሉት ይህን ነው። በሉፕ ተጠቃሚዎች ላይ የተለመደ ነው፤ አብዛኛው ምንም ሳይሰማ መጥቶ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ከረጢቱ በቆየበት ጊዜ ሁሉ ግን ኢስትሮጅን ሊያመርት ይችላል። ጡት ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ያለ ፋታ ከተወጠረ፣ በአንድ በኩል ደግሞ ከሆድ በታች የመክበድ ስሜት ካለ፣ ይህን ማሰብ ነው።

በ52 ሚሊግራሙ ሉፕ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የጡት ህመም የተመዘገበባቸው ሴቶች ከ100 ወደ 8 ወይም 9 ናቸው። ቁጥሩን ሳታጋንኚም ሳታሳንሺም ያዢው፤ ሉፕ ያላስገቡ ሴቶችም ጡታቸውን በብዛት ያማቸዋል።

የአንቺ ህመም ከየትኛው መንገድ እንደመጣ የሚነግርሽ የትኛውም የደም ምርመራ ሳይሆን አንድ ደብተር ነው። ከመጀመርሽ በፊት ግን አንድ ነገር፦ የእርግዝና ምርመራ። የጡት መወጠር ከእርግዝና የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ነው፤ ወር አበባ በማይታይበት ሉፕ ላይ ደግሞ «ቀረብኝ» የሚባል ነገር የለም። በሉፑ ላይ የሚያረግዙት በዓመት ከ1,000 ሴቶች ጥቂቶች ናቸው። ከተረገዘ ግን ግማሽ ያህሉ ከማህፀን ውጭ የሚቀመጥ እርግዝና ነው። ምርመራው እርግዝና ካሳየ በዚያው ቀን አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። በአንድ ጎን የበረታ የሆድ ህመም፣ የትከሻ ህመም ወይም ራስን የመሳት ስሜት ከተጨመረበት ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ወደ ደብተሩ እንመለስ። ማታ ማታ አንድ መስመር ብቻ ጻፊ። ህመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው? አንዱ ጡት ነው ወይስ ሁለቱም? የቱ ጋ? ደም ታይቷል? ፈሳሹስ? የመጨረሻዋን ብዙዎች ይዘሏታል፤ እኔ ግን ከሁሉም የምትጠቅም ትመስለኛለች። እንቁላል ሊለቀቅ ሲል ፈሳሹ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ ግልጥልጥ ብሎ በሁለት ጣት መካከል ሲሳብ ይለጠጣል። ሉፑ የማህፀን በር ፈሳሽን ስለሚያወፍር በሁሉም ሴት ላይ አይታይም፤ ከታየ ግን ያቺን ቀን ምልክት አድርጊባት። ህመሙ ከእሷ ቀጥሎ ተነስቶ፣ አሥርና አሥራ አራት ቀን ቆይቶ በራሱ ከለቀቀ፣ በሚቀጥለውም ወር ከደገመ፣ የራስሽ ዑደት ነው። ይህን ለማየት ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ወር ይበቃል።

ዑደቱን የሚከተለው ህመም አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ጡት ይይዛል፤ ከላይ ወደ ብብት ባለው ክፍል ይበረታል፤ ስሜቱ መክበድና መወጠር ነው፤ ሲዳሰስም ጡቱ እንደ እህል ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። በሉፑ የመጀመሪያ ሳምንታት የሚመጣው ግን ቀን አይጠብቅም፤ ዛሬም ነገም ያው ሆኖ ቀስ እያለ ይረግባል። ሦስተኛው ዓይነት ከጡቱም ከሉፑም አይደለም፤ ከጎድን አጥንትና ከጡንቻ ነው። ይህን እቤት መለየት ይቻላል። በጎንሽ ተኚና ጡቱ በራሱ ክብደት ወደ መኝታው ይውረድ። አሁን የጎድን አጥንቱ ከጡቱ ተራቁቷል። በጣትሽ ጫፍ አጥንቱን ተከትለሽ ተጫኚ፤ ከደረት አጥንቱ ጋር የሚጋጠሙበትንም ቦታ ሞክሪው። «ይኸው፣ ይህ ነው!» የሚያሰኝሽ ቦታ ላይ ከደረስሽ ሉፑን ማስወጣት አያድንሽም።

ለማስታገሻው መጀመሪያ ጡት መያዣውን እይ። ክብደቱን መሸከም ያለበት ከጡት በታች የሚዞረው ቀበቶ ነው እንጂ የትከሻው ማሰሪያ አይደለም። ቀበቶው ከጀርባ ወደ ላይ ከተሳበ ሰፍቷል፤ ሁለት ጣት በምቾት የማይገባበት ከሆነ ጠቧል። በሆርሞን የተወጠረ ጡት ልኩ ሊጨምር ስለሚችል፣ ልኩን መውሰድ ያለብሽ በሚያምሽ ሰሞን ነው። ለሥራና ለእንቅስቃሴ የስፖርት ጡት መያዣ፣ ለሌሊት ሽቦ የሌለው ለስላሳ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ያለ ምንም መድኃኒት ብዙ ሴቶችን ያሳረፈ ነገር ነው።

ከዚያ የሚቀባ ዳይክሎፌናክ ጄል አለ፦ 1 በመቶ የሆነው፣ በቀን ሦስት ጊዜ በሚያመው ቦታ ላይ በስሱ። የጡት ጫፍንና ዙሪያውን ዝለዪ፤ እጅሽን ታጠቢ፤ ልጅ ጡት የምታጠቢ ከሆነ ጡት ላይ አትጠቀሚው። የሚዋጥ ከሆነ ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ ጋር በየ8 ሰዓቱ፣ ህመሙ በሚበረታባቸው ሦስት አራት ቀናት ብቻ። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ላለባት ኢቡፕሮፌን አይሆንም፤ ለእሷ ፓራሲታሞል 1,000 ሚሊግራም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4,000 ሳይበልጥ። ሰውነቷ ከ50 ኪሎ በታች ለሆነ ወይም የጉበት ችግር ላለባት መጠኑ ከዚህ ማነስ አለበት። የኢቪኒንግ ፕሪምሮዝ ዘይትና ቫይታሚን ኢ በየቦታው ይመከራሉ፤ በሙከራ ግን ከባዶ ኪኒን ያን ያህል አልተሻሉም። ገንዘብሽን አታባክኚባቸው። ቡና መቀነስም ማስረጃው ደካማ ነው፤ ከፈለግሽ አንድ ወር ሞክሪው፣ ደብተሩ ለውጥ ካላሳየሽ ወደ ቡናሽ ተመለሺ።

ምን ያህል ይታገሡት? ህመሙ ሥራና እንቅልፍ ካልከለከለሽ ሦስት ወር መስጠት ተገቢ ነው፤ በአብዛኞቹ ላይ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ይረግባል። ከስድስት ወር በኋላም ደብተሩ ያንኑ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ «ትንሽ ታገሺ» የሚለውን ምክር የመቀበል ግዴታ የለብሽም። ከዚያ በፊትም ቢሆን ማስወጣት መብትሽ ነው፤ ምክንያት ማስረዳት አይጠበቅብሽም።

ግን በምን ልተካው የሚለው ላይ ነው ደብተሩ ዋጋውን የሚያወጣው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ሆርሞኑ ወደሚያንሰው ሉፕ ቀይሪ» ነው። ህመሙ ቀን የማይጠብቀው ዓይነት ከሆነ ያስኬዳል። ዑደት የሚከተለው ከሆነ ግን ትንሹ ሉፕ እንቁላል መለቀቁን ከትልቁም ባነሰ ነው የሚያግደው፤ ህመሙ ላይቀንስ ይችላል። የመዳብ ሉፕም እንዲሁ፦ ሆርሞን የለውም፣ ዑደትሽን አይነካም፤ ያው የጡት መወጠር ይቀጥላል፣ በላዩ ላይ ደሙና ቁርጠቱ ይበረታል። ዑደት ለሚከተል ህመም ዑደቱን የሚያቆም ዘዴ፣ ለምሳሌ ኪኒን ያለ ዕረፍት ሳምንት መውሰድ፣ የተሻለ ሊሠራ ይችላል። እሱ ደግሞ ለሁሉም አይሆንም፤ ማይግሬን ከብርሃን ብልጭታ ጋር ያለባት፣ ደም ግፊቷ ከፍ ያለ፣ ወይም ከ35 ዓመት በላይ ሆና የምታጨስ ሴት ኢስትሮጅን ያለበትን ኪኒን መውሰድ የለባትም።

ስለ ካንሰር መፍራት ተፈጥሯዊ ነው። ህመም ብቻውን፣ ምንም እብጠት ሳይኖር፣ የጡት ካንሰር ምልክት ሆኖ የሚገኘው እምብዛም ነው። መጠርጠር ያለበት ሌላ ነው፦ የማይለቅ ጠጣር እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከአንድ ጡት ብቻ በራሱ የሚወጣ ደም ወይም ፈሳሽ፣ የብብት እብጠት፣ በአንዲት ነጥብ ላይ ለሳምንታት ሳይንቀሳቀስ የሚቆይ ህመም። ከእነዚህ አንዱ ካለ ደብተር መጻፍ አይደለም፤ መታየት ነው። በሉፑና በካንሰሩ መካከል ያለውን ግንኙነት በተመለከተ፣ በ2024 የወጣ የዴንማርክ ጥናት እስከ አምስት ዓመት በተጠቀሙ 10,000 ሴቶች ላይ 14 ያህል ተጨማሪ የጡት ካንሰር አሳይቷል። ጭማሪ አለ፤ ትንሽ ነው፤ ሁለቱንም ማወቅ ይገባሻል። የጡት ካንሰር ላለባት ይህ ሉፕ አይገባም፤ ከዚህ በፊት ለነበረባትም አብዛኛውን ጊዜ አይመከርም።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው። በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ጠብ ጠብ የሚል፣ ቀን የማያውቅ ደም የተለመደ ነው፤ ካስመረረ ኢቡፕሮፌን ከ5 እስከ 7 ቀን በተከታታይ መውሰድ ይቀንሰዋል። ብጉር የሚመጣው ሌቮኖርጀስትሬል የወንዴ ሆርሞን ጠባይ ስላለውና የቆዳ ቅባትን ስለሚጨምር ነው፤ ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ወይም አዳፓሊን ተቀብተሽ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ጠብቂ፣ በሳምንት ለውጥ አትፈልጊ። ራስ ምታት አለ፤ ፀጉር መሳሳት ጥቂቶች ላይ አለ። ውፍረት በተደጋጋሚ ይወቀስበታል፤ ከመዳብ ሉፕ ተጠቃሚዎች ጋር ሲነጻጸር ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አይታይም። ስሜትን በተመለከተ ቀለል አድርጎ ማለፍ አልወድም፦ ድባቴ ከዚህ ሉፕ ጋር ተያይዞ የተመዘገበ ነገር ነው። ካስገባሽ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ውስጥ ምክንያት የሌለው ማልቀስ፣ መነጫነጭ ወይም ነገር ሁሉ መጥላት ከጀመረሽ እሱንም እዚያው ደብተር ላይ ቁጥር ስጪው፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ።

ከሆርሞኑ ሳይሆን ከዕቃው የሚመጡ ችግሮችም አሉ። ከ20 ሴቶች በአንዷ ላይ ሉፑ በራሱ ይወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት። ማህፀንን የሚበሳው ከ1,000 በአንድ ወይም በሁለት ነው፤ በሚያጠቡ ሴቶች ላይ ከፍ ይላል። ክሩን በወር አንዴ ማየት የሚመከረው ለዚህ ነው። እጅሽን ታጠቢ፣ ቁጢጥ በዪ፣ የመሐል ጣትሽን አስገቢ፤ የማህፀን በር እንደ አፍንጫ ጫፍ ጠንከር ያለ ጉብታ ሆኖ ይሰማሻል። ከመሐሉ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ክር የመሰሉ ሁለት ክሮች ይወጣሉ። ዳሰስ አድርገሽ ተያቸው፤ አትሳቢ። ክሩ ከወትሮው ከረዘመ፣ ጨርሶ ከጠፋ፣ ወይም ጠጣር የፕላስቲክ ጫፍ ከነካሽ፣ እስክትታዪ ድረስ ኮንዶም ተጠቀሚ። የወር አበባ ኩባያ የምትጠቀሚ ከሆነ ከማውጣትሽ በፊት ከግርጌው ጨምቀሽ አየር አስገቢለት፤ መምጠጡ ክሩን ይዞ ሉፑን ሊስበው ይችላል። ካስገባሽ በሦስት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽና የበረታ የሆድ ህመም ከመጣ ኢንፌክሽን ነው ብለሽ ተነሺ፤ ኢንፌክሽን የሚበዛው በዚያ ጊዜ ነው።

ባልየው «ክሩ ይወጋኛል» ካለ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ክሩን ማሳጠር ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ነገሩን ያባብሰዋል። በጣም ያጠረ ክር እንደ ብሩሽ ፀጉር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሦስት ሴንቲሜትር ገደማ የተተወ ክር ግን ከጊዜ ጋር ለስልሶ በማህፀን በር ዙሪያ ይጠቀለላል።

ለማስወጣት የወሰነች ሴት ቀኑን አስባ ትምረጥ። የወንድ ዘር በሰውነት ውስጥ እስከ አምስት ቀን ስለሚቆይ፣ ማርገዝ የማትፈልግ ከሆነ ከሰባት ቀን በፊት ጀምሮ ኮንዶም መጠቀም ወይም ሌላ መከላከያ አስቀድሞ መጀመር አለባት። የማስወጣቱ ሥራ ራሱ ደቂቃ አይፈጅም፦ ባለሙያው ክሩን በመቆንጠጫ ይዞ ቀስ ብሎ ይስባል፣ ሁለቱ ክንፎች ወደ ላይ ይታጠፋሉ፣ አንድ ጠንካራ ቁርጠት፣ አለቀ። ክሩ ካልታየ በአልትራሳውንድ ይፈለጋል። ሆርሞኑ በቀናት ውስጥ ከደም ይጠፋል፤ እርግዝናም ቶሎ ሊመጣ ይችላል። ጡቱ ግን እስኪረጋጋ አንድ ሁለት ዑደት ሊፈጅበት ስለሚችል ደብተሩን በዚያው ቀን አትዝጊው። ከመኝታው ከመነሣትሽ በፊትም የወጣውን ሉፕ «አሳዩኝ» በዪ፤ ግንዱና ሁለቱም ክንፎቹ ሳይጎድሉ መውጣታቸውን በዓይንሽ እይ።